የቅል አፍ ያለው ቱቦ

ዓርብ መድረሱን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የአገርነሽ ጉልበት ነበር። ገና ሐሙስ ከሥራ ገብታ መደቧ ላይ አረፍ ስትል ቀኝ ጉልበቷ መጠዝጠዝ ይጀምራል። «ነገ ደግሞ የዓሣው ቀን ነው» ትላለች ለራሷ። ከዚያ እግሯን በቅቤ አሽታ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ትተኛለች።

ጨፌ በር የሚባለው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት የካ ተራራ ሥር፣ ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ መሃል የተሠራ ነበር። አገርነሽ እዚያ በጽዳት ከተቀጠረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ሞቶ፣ አንዲት ልጇን ሎሚን ለጉለሌ ሰው ድራ፣ ወገቧ እንቢ ሲላት፣ ሰው ለምኖላት ነው መጥረጊያ የያዘችው። «ከእንግዲህስ ሸክም ቀረልኝ» ብላ ነበር ያን ጊዜ። አልቀረላትም። ሸክሙ ከጀርባዋ ወርዶ ወደ እጇ መጣ እንጂ።

የሳይንስ ክፍሉ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ስለቆመ ዐሥራ አራት ደረጃ አለው። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ በብረት የታሰረ ረዥም የመስታወት ገንዳ አለ፤ አራት ሰው ካልተረዳዳ የማይነቃነቅ። ውሉን ጨርሶ ወደ አገሩ የሄደ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ትቶት የሄደው ነው። ውስጡ ስምንት ቀያይ ዓሦች ይዋኛሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከውሃው ሲሶው ወጥቶ በንጹሕ ውሃ መተካት አለበት፤ ፈረንጁ ይህንን በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ነበር የሄደው። ወረቀቱን ያነበበው በእሱ ቦታ የተተካው አስተማሪ ነው። የምትሠራው አገርነሽ ናት።

በርጩማ ላይ ትቆማለች። በጣሳ እየጨለፈች ባልዲ ትሞላለች። ባልዲውን ይዛ ዐሥራ አራቱን ደረጃ ትወርድና ጓሮ ከጎመኑ መደብ ላይ ደፍታ ትመለሳለች። ዘጠኝ ባልዲ ይወጣል፤ ዘጠኝ ባልዲ ደግሞ ከበርሜል ተቀድቶ ይገባል። ይህ ሁሉ አልቆም ገንዳው አይጠራም። ዓሦቹ የሚጥሉት ቆሻሻና የተረፈው ምግባቸው እታች ጠጠሩ ላይ ይዘቅጣል፤ ጣሳው ሲገባ ዝቃጩ ይነሣና ውሃው የጎርፍ ውሃ ይመስላል። ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍታሉ። አገርነሽ ዓይኗን ከነሱ ታሸሻለች። «እናንተም ደከማችሁ፣ እኔም ደከመኝ» ትላቸዋለች አንዳንዴ።

በ1955 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ አንድ ዓርብ፣ ትምህርቱ ከሰዓቱ አልፎ ስለዋለ፣ ተማሪዎቹ ሳይወጡ ሥራዋን ጀመረች። አስተማሪው አቶ ወንድይራድ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ኮቱ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። ትሑት ነው፤ ታላቆቹን «እርስዎ» ይላል፣ የጽዳት ሠራተኛንም ቢሆን። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ዕቃ ሥሎ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ፣ በመሃላቸው የተቆለመመ ቱቦ አስገባ።

«ቱቦው ውስጥ አየር ከሌለ» አለ፣ «መውጫው ጫፍ ደግሞ ከላይኛው ውሃ ዝቅ ካለ፣ ውሃው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳይጨልፈው። ሲፎን ይባላል።»

አገርነሽ ጣሳዋን ውሃው ውስጥ እንዳስገባች ቀረች። ማንም ሳይጨልፈው? የመጀመሪያ ሐሳቧ ሰውየው ያሾፍብኛል የሚል ነበር። ፊቱን አየችው። አያሾፍም፤ እሷ እዚያ መኖሯን እንኳ ልብ አላለም።

ልጆቹ ሲወጡ ጠጋ አለችው። «አቶ ወንድይራድ፣ ውሃ ሽቅብ ይወጣል ያሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ አገርነሽ።»

«እዚህ ውስጥ ያለውም?»

ወደ ገንዳው፣ ከዚያም ወደ ባልዲው ተመለከተ። ትንሽ ያፈረ መሰለ። «እዚህ ውስጥ ያለውም። ቱቦ ቢኖረን ላሳይዎት እችል ነበር። ጠይቄያለሁ፤ ከጠየቅሁ ዓመት አልፎኛል።» ስብሰባ ነበረበትና ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። እሷም ወደ ጣሳዋ ተመለሰች፤ ገና አምስት ባልዲ ይቀራታል።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ስትከፍት ከዓሦቹ አንዱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ አገኘችው። ዲሬክተሩ አቶ ዘነበ ይህንን ሲሰሙ አስጠሯት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ፣ ወንበሩም ዓሣውም፣ በዝርዝር የተጻፈ ነውና አንድ ሲጎድል እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«አገርነሽ፣ ዓሣ መጠበቅ አቃተሽ?»

ዝቃጩን፣ ጣሳውን፣ ደረጃውን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር በፊት ግን ድካሟ ቀደማት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ያ ሰሌዳ ላይ ያየችው የተቆለመመ ቱቦ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የጭነት መኪና ሾፌር ጀይላንን ጓሮ ውስጥ አጎንብሶ አገኘችው። ከመኪናው የቤንዚን ጋን ውስጥ አንድ ጥቁር ጎማ ጨምሮ፣ ጫፉን በአፉ መጠጥ አደረገና ቶሎ ወደ ጀሪካን ከተተው። ቤንዚኑ እየተንዶቆዶቀ ይወርድ ጀመር። ጀይላን ምራቁን ተፋና አፉን ጠራረገ።

አገርነሽ መጥረጊያዋን ጣለች። «ይኸው! ሽቅብ ወጣ!»

«ምኑ?»

«ቤንዚኑ ነዋ! ከጋኑ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ታች።»

ጀይላን ሳቀ። የስልጤ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ ከመኪና ሥር ወጥቶ የማያውቅ። «እትዬ፣ ይኼን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ምን ብርቅ ሆነብሽ?»

የዓሣውን ነገር ነገረችው። ሳቁን ተወ። ዓርብ ዓርብ ባልዲ ይዛ ስትወርድ ስንት ጊዜ አይቷታል! እዚያው ጎማውን ከሥሩ ቆርጦ አንድ አራት ክንድ ሰጣት።

ያ ጎማ ግን አልሆነም። በአመድ አጠበችው፣ በፍል ውሃ አጠበችው፣ በሎሚ አሸችው፤ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። በሦስተኛው ቀን ውሃው ላይ ያ ቀስተ ደመና የመሰለ የቤንዚን ቅባት ተንሳፍፎ አየች። ያንን ዓሣ ላይ ብትከት ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ጎማውን ለጀይላን መለሰችለት።

ቀጥሎ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ የተጣለ የአትክልት ማጠጫ ጎማ አገኘች። ፀሐይ መትቶት በየቦታው ተሰንጥቋል። ጥሩ ጥሩውን ለይታ ስትቆርጠው ሁለት ቁራጭ ብቻ ተረፋት፤ አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ አጠር ያለ። ለየብቻቸው አንዳቸውም አይበቁም። ከወንዙ ዳር ሸምበቆ ቆርጣ መጣች፤ በሁለቱ መካከል አስገብታ ቀጠለቻቸው፤ መገጣጠሚያውን በሰም ደፍና በክር አሰረችው።

ውሃው የሚገባበት ጫፍ ነበር ያስቸገራት። ጠባብ ነው፤ ዝቃጩን ጠርጎ አይወስድም፣ ጠጠር ከጎረሰ ደግሞ ይታፈናል። ሰፋ ያለ አፍ ያስፈልገዋል። ይህንን እያሰበች ቅዳሜ ማታ ጎረቤቷ ጂቱ ቤት ገባች። ጂቱ ወተት ሻጭ ናት፤ የካ ከተማ ሳይሆን እርሻ እያለ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ሰዎች ልጅ። ግድግዳዋ ላይ አንገተ ረዥም ትንሽ ቅል ተሰቅሏል።

«ጂቱ፣ ይኼን ቅል ስጪኝ።»

«ውሰጂው። ለምንሽ ነው?»

«ለዓሣ።»

ጂቱ ወተት እያጠለለች ቀና አለች። «ሆ! ዓሣው ደግሞ እርጎ ይጠጣል?»

አገርነሽ ብዙ ጊዜ ሆኗታል እንዲያ ከሳቀች። እዚያው ቁጭ ብለው የቅሉን ቂጥ በቢላ ቆረጡት። አንገቱ ጎማው ውስጥ ልክ ገባ። ሰፊው አፍ ላይ፣ ዓሣ እንዳይገባ፣ አሮጌ ወንፊት ቆርጠው ሰፉበት።

ዓርብ ደረሰ። አገርነሽ ቅሉን ገንዳው ውስጥ ከተተች፤ ጎማውን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፋ ወደ ጓሮ ለቀቀችው፤ ከዚያ ዐሥራ አራቱን ደረጃ ወርዳ፣ እንደ ጀይላን አጎንብሳ፣ ጫፉን መጠጠች። ምንም። እንደገና መጠጠች። ውሃው ድንገት መጣና አፏን ሞላው፤ ሳታስበው ዋጠችው። ደግሞ ትር ትር ብሎ ቆመ።

ጀይላን መጣና ጎማውን ዳበሰው። «ሸምበቆው ጋ ትንፋሽ ያስገባል። አየር ከገባበት አለቀለት።» ከመኪናው የተቀዳደደ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ አምጥቶ በቀጭኑ ቀደደና መገጣጠሚያውን ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለው። «አሁን ሞክሪ።»

አገርነሽ ግን ያን ቀን መሞከር አልቻለችም። ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። ቅዳሜና እሑድን ከመደቧ ሳትነሣ፣ ጂቱ የተልባ ውሃ እያጠጣቻት ዋለች። ያ የቆሸሸ ውሃ ነው የጎዳት። እንደዚያ ተኝታ ነው ነገሩን ያገኘችው። የሚያስፈልገው አየሩ መውጣቱ ብቻ ከሆነ፣ ለምን በአፍ? ጎማው ቀድሞ ውሃ ቢሞላስ?

በሚቀጥለው ዓርብ ጎማውን እንዳለ፣ ከነቅሉ፣ በርሜሉ ውስጥ አሰጠመችው። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ቡልቅታው ሲያቆም አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቷ፣ ቅሉን በመዳፏ ደፍና፣ እባብ እንደያዘ ሰው እጇን ዘርግታ ደረጃውን ወጣች። ቅሉን ገንዳው ውስጥ አስገብታ መዳፏን አነሣች። ሌላውን ጫፍ በመስኮቱ አውርዳ አውራ ጣቷን ለቀቀች።

ውሃው ሄደ።

እየጠበቀች ቆመች፤ ይቆማል ብላ። አልቆመም። እታች ጎመኑ ላይ ሲፈስ ይሰማታል። ቅሉን ጠጠሩ ላይ ቀስ እያደረገች ስታንቀሳቅሰው፣ ያ ሁሉ የሳምንት ዝቃጭ ሳይበጠበጥ፣ እንደ ጭስ እየተሳበ ወደ ቅሉ ገባ። ውሃው ጠርቶ እንደጠራ ነው። ዓሦቹም ከቦታቸው ፈቀቅ አላሉም። አገርነሽ በርጩማውን በእግሯ ሳበችና ተቀመጠችበት። ስድስት ዓመት ቆማበት ኖራለች፤ ስትቀመጥበት የመጀመሪያዋ ነበር።

አቶ ወንድይራድ ደብተር ረስቶ ሲመለስ እንዲህ ሆና አገኛት። መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ታች ተመለከተ፤ ተመልሶ ቅሉን አየ፤ ሸምበቆውን ነካ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ። ላስቲኩን ጀይላን ነው የጠቀለለው።»

«ስድስት ዓመት አስተማርሁት» አለ ቀስ ብሎ። «በዓይኔ ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

ደስታው የልጅ ደስታ ነበር። ሰኞ ተማሪዎቹ ፊት እንድታሳይለት ለመናት፤ አሳየች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። በዚያም አላበቃም፤ ዲሬክተሩን እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። አቶ ዘነበ መነጽራቸውን አድርገው ከላይም ከታችም መረመሩ።

«ጎበዝ!» አሉ። «ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው» አለ ወንድይራድ በኩራት። «እሳቸውም አይደክሙ፣ ዓሣውም አይሞት።»

«እንግዲያው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ተረፋት ማለት ነው።» አቶ ዘነበ ወደ አገርነሽ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ መልካም ነገር ያሰቡላት ይመስላቸው ነበር። «የልጆቹን መኝታ ቤት ወለል የሚያጥብ ሰው አጥቼ ነበር። ከዚህ ዓርብ ጀምሮ አንቺ ትይዣለሽ። ሁለቱንም ክፍል።»

አገርነሽ እጅ ነሣች። ሌላ ምን ታደርጋለች?

አንዱ ክፍል ዐርባ አልጋ አለው፤ ሁለቱ ሰማንያ። ወለሉ ጣውላ ነው፤ በጉልበት ተንበርክኮ ነው የሚፈተገው። በቀኝ ጉልበቷም ጭምር። የመጀመሪያውን ዓርብ ሁለቱንም ሠራች፤ ቤቷ ስትደርስ ጂቱ ናት ጫማዋን ያወለቀችላት። ጀይላን ሲሰማ ተቆጣ። «ለምን ዝም አልሽ? አፍ የለሽም?»

«አፍስ አለኝ፤ የሚናገርበት ጉልበት ነው ያጣሁት» አለችው።

ወንድይራድን ግን አላለፈችውም። ለሁለተኛው ዓርብ ጎማውን ልትወስድ ክፍሉ ስትገባ ብቻውን አገኘችው።

«አቶ ወንድይራድ፣ ምነው ባይነግሩልኝ ኖሮ።»

«ምኑን?»

«ይኼን ቱቦ። እኔ የሠራሁት ጎበዝ ልባልበት አልነበረም። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላሰብሁም።»

ጠመኔውን አስቀመጠ። «ያመሰግኑዎታል ብዬ ነበር።»

«አመሰገኑኝ እኮ። ምስጋናው ነው የመኝታ ቤቱ ወለል።»

ጠመኔውን መልሶ አነሣና ወደ ሰሌዳው ዞረ። እሷም ተናግራ ልቧ አልቀለላትም፤ የደግ ሰው ፊት ማጥቆሯ ተጨማሪ ሸክም ሆነባት። ጎማዋን አንሥታ ወደ በርሜሉ ወረደች።

በሦስተኛው ዓርብ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ በልግ ሊጥል ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ወለሉን ካላጠበች አይደርቅላትም። ሁለቱን ሥራ ለማዳረስ ስትል ቅሉን ጠጠሩ ላይ አስቀመጠች፣ ውሃውን ለቀቀች፣ «ሲሶው እስኪወርድ አንዱን ክፍል እጨርሳለሁ» ብላ ሮጠች። የመጀመሪያው ክፍል ሳሙናው አልለቅ አላት። ፈተገች፣ አሁንም ፈተገች፤ ደረቷ ላይ ላቧ ይወርዳል። ድንገት ትዝ ሲላት ብሩሹን እዚያው ጥላ ተነሣች። ግቢውን አቋርጣ፣ ደረጃውን በእጇ እየተደገፈች ወጣች።

ገንዳው ውስጥ የቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ነበር። ቅሉ ጠጠሩን እየላሰ ይንኳኳል። ሰባቱ ዓሦች በጎናቸው ተጋድመው ይንፈራገጣሉ፤ ጀርባቸው ከውሃው ወጥቶ አየር መትቶታል።

ጎማውን መዝዛ ወረወረችው። ባልዲ አንሥታ ወደ በርሜሉ ወረደች፣ ወጣች፣ ቀስ አድርጋ ደፋች፤ ወረደች፣ ወጣች። በአራተኛው ላይ ጉልበቷ ከዳት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፤ ውሃው ጭኗ ላይ ፈሰሰ። ለመነሣት ሞከረች፤ እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆነባት። ያኔ አለቀሰች፤ ለዓሦቹም አይደለም፣ ለራሷም አይደለም፣ ዝም ብሎ የመጣ ልቅሶ ነበር።

ወንድይራድ ከአስተማሪዎች ክፍል አይቷት መጣ። ኮቱን አውልቆ ደረጃው ላይ ጣለና ባልዲውን ከእጇ ወሰደ። ወደ በርሜሉ ሄደ፣ ሞላ፣ ወጣ። ተመለሰ። ጫማው ውሃ ጠጥቶ ይንጫጫል። በስምንተኛው ባልዲ እጁ ላይ የባልዲው ሽቦ ቀይ መስመር አወጣበት፤ ዐሥራ አንደኛውን ደፍቶ ሲወርድ እሷ አጠገብ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ይኼንን በየሳምንቱ?» አላት።

«በየሳምንቱ። ያውም የሚገባውን ውሃ ብቻ ነው ያዩት። ቱቦው ሳይመጣ የሚወጣውም ነበረ።»

«ስድስት ዓመት?»

«ስድስት ዓመት።»

ዝናቡ መጣል ጀመረ። ማንኛቸውም አልተነሡም።

ከሰባቱ ዓሦች ስድስቱ ተረፉ። ሰኞ ጠዋት አቶ ዘነበ ጠየቁ፤ ወንድይራድ ከእሷ በፊት ቢሯቸው ገብቶ ኖሯል። አገርነሽ ከበሩ ውጭ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ፣ የሚሉትን ትሰማለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ» ይላል። «ግማሽ ሰዓት ያልሁት ተሳስቼ ነው። ውሃው በፍጥነት ከወረደ ዓሣውን ይጎዳዋል። ቀስ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ነው መውረድ ያለበት።»

«እሺ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። እሷ ደግሞ መኝታ ቤቱን ትሠራለቻ።»

«አይሆንም። ሰው ከአጠገቡ መጥፋት የለበትም። የሆነውን አዩት አይደል።»

«ከአጠገቡ ሆና ምን ትሠራለች?»

«ያዩታል።»

«ቆማ?»

«ተቀምጠው ቢሆን ይሻላል። ዓሦቹ ሰው ሲንቀሳቀስ ይደነግጣሉ።»

አቶ ዘነበ ዝርዝራቸውን ሲገላብጡ ተሰማ። አምነውት ይሁን አይሁን አገርነሽ አላወቀችም፤ በኋላም አላወቀችም። «ዝርዝሬ ላይ ስድስት ዓሣ እጽፋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሰባተኛው ለምን እንደጎደለ አንተ ትፈርማለህ። ለወለሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ፈረመ።

ድካሙ ከአገርነሽ አልወጣም። ዐሥራ ስምንት ዓመት እንጨትና ስድስት ዓመት ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይወጣም። ንጹሑን ውሃም ቢሆን እሷው ናት ደረጃውን ወጥታ የምታስገባው፤ ለእሱ ማንም መላ አላገኘለትም፤ ብቻ ጀይላን ከሲግናል ሰፈር መለዋወጫ ይዞ ቶሎ በተመለሰ ቀን አራት አምስቱን ባልዲ ያወጣላታል። ሰኞ ስትሠራ ጉልበቷ ያው ነው፣ ማክሰኞም ያው ነው።

ግን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን መስኮቱ አጠገብ አድርጋ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ እግሯን ወደፊት ዘርግታ ትቀመጣለች። ጎማው መሃል ላይ ሲባጎ ታስሮበታል፤ ሲባጎው ውስጥ ትንሽ እንጨት አለ። እንጨቱ ሲጠመዘዝ ጎማው ይታነቃል፤ ውሃውም ከወራጅነት ወደ ጠብታነት ይወርዳል። ይህንን ያሰበው ወንድይራድ ነው። ለተማሪዎቹ ግን አላስተማረውም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ዓርብ ደብተሩን ይዞ ገባ። ልትነሣ ስትል በእጁ ከለከላት፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ማረም ጀመረ። ውጭ ባሕር ዛፉ ይንሾካሾካል። ዓሦቹ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳሉ። የአገርነሽ ዓይን መክደን መግለጥ ጀመረ።

«አቶ ወንድይራድ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ዛሬ ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚል መሰለኝ።»

ቀና ብሎ ጎማውን አየ። «ላጥብቀው?»

«ትንሽ።»

ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣና እንጨቱን አንዴ ጠመዘዘው።